«ስንት ነፍስ ናችሁ?»

በሕይወቴ መጀመሪያ የሰማሁት የቤት ኪራይ ዋጋ 18 ብር ነው። አባቴ ጉለሌ ውስጥ ለነበረችው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤታችን በየወሩ ለባለቤቷ ለወይዘሮዋ የሚከፍለው ነበር። 17 ዓመት ሲሞላኝ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ዋጋ በግማሽ ተቆረጠና የእኛዋ 18 ብር 9 ብር ሆነች። ከፋዮቹም ለወይዘሮዋ ሳይሆን ለቀበሌ ሆንን። ከዚያ ወዲህ ቤት መከራየት ማለት ለእኔ ቀበሌ ሄዶ ተሰልፎ ደረሰኝ መቀበል እንጂ ሰው ቤት መግባት አልነበረም። ባል አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ከመምህርነት ሥራዬ ጡረታ ወጥቼ የኖርኩት እዚያው ሰፈር ነው።

በ66 ዓመቴ ግን ተከራይ ሆንኩ፤ ያውም በማላውቀው ከተማ።

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ላይ ትልቋ ልጄ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረች። የ7 ዓመት ሴትና የ2 ዓመት ወንድ ልጆች አሏት። ባሏ ሥራው አዲስ አበባ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚደርስባቸው። «ሠራተኛ እንቅጠር ወይስ…» እያሉ ባልና ሚስቱ በሹክሹክታ ሲመክሩ ሰማሁ። «ወይስ» ሲሉ ዝም የሚሉት እኔን አፍረው ነው። በማግስቱ ቡና ላይ «እኔው እሄዳለሁ፤ ለአንድ ዓመት ብቻ» አልኩና ገላገልኳቸው። ያቺ አንድ ዓመት ይኸው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነች።

የገጠመኝን የምጽፈው እንደኔ በስተርጅና ጓዛቸውን ጠቅልለው ልጃቸውን ለሚከተሉ አያቶች ነው። ብዙ እንደሆንን ወልቂጤ ገብቼ ነው ያወቅሁት። ጧት ልጅ ትምህርት ቤት ሳደርስ ከምሰላለማቸው ሴቶች ግማሾቹ እንደኔ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ፣ ከጎንደር፣ ከአምቦ፣ ከሆሳዕና የመጡ አያቶች ናቸው።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ፣ ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፈው 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ የምትገኝ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው ያለው ግን መሐል ከተማው ላይ ሳይሆን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጉብሬ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጠባችን በዚህ ሳቢያ ተነሣ። ልጄ ጉብሬ እንከራይ አለች፤ በእግሯ ሥራ ትገባለች። ዩኒቨርሲቲው በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ እዚያ በረድፍ የተሠሩ፣ በር በበር የሆኑ የሚከራዩ ክፍሎች በየግቢው አሉ። እኔ ደግሞ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለእኔ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ የሚቀርበው ከተማው ነው አልኩ። እኔ አሸነፍኩ። አሁን ሳስበው ግማሹን ተሳስቻለሁ፤ ክረምት ላይ ልጄ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በዝናብ ሚኒባስ ፍለጋ ስትወጣ ሳይ ጉብሬ ትዝ ይለኛል። ቤት ስትመርጡ ለትንሹ ልጅና ለሽማግሌው ብቻ ሳይሆን እንጀራ ለሚያመጣውም ሰው አስቡ።

ደላላው ልጅ እግር ነው፤ ባጃጅም ይነዳል። በአንድ ቀን አምስት ቤት አሳየን።

የመጀመሪያው ግቢ አራት ተከራይ ያለበት ነበር። አከራይዋ ከበሩ ሳንገባ «ስንት ነፍስ ናችሁ?» አለችን። ከብት የምትቆጥር መስሎኝ ከፋኝ። ልጄ «አራት፤ ባለቤቴ ቅዳሜ ይመጣል» አለች። «እንግዲያ አምስት ነው» አለች ሴትዮዋ። ቀጥላ «ምጣድ አላችሁ?» ስትል «አለን» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «እንጀራ ከውጭ ከገዛችሁ ይሻላል» አለች።

ያን ቀን ጨካኝ መስላኝ ነበር፤ ሰንብቼ ስረዳ ግን ጥያቄዋ ልክ ነበረው። የመብራት ቆጣሪው አንድ ነው። ወሩ ሲሞላ ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ ይካፈላል፤ አንዱ ምጣድ ሲያበራ፣ ሌላው አምፖል ብቻ ሲያበራ፣ ሁለቱ እኩል ሲከፍሉ ነገር ይመጣል። የመጸዳጃ ጉድጓዱም የሚሞላው በነፍስ ልክ ነው፤ መኪና ጠርቶ ማስመጠጥ ገንዘብ ነው። አከራይ ሰው የሚቆጥረው ስለማይወደን ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ እንጀራ በቤቱ መጋገር የማይችል ቤተሰብ ቤት ተከራየ ይባላል ወይ? እኔ አይባልም ነው የምለው። ከዚያ ወጣን።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ፊት ያሳያል፤ መስኮቱ ሰፊ፣ ነፋሻ። ልጄ ዓይኗ በራ። ውኃው እንዴት ነው ስንል ደላላው «ውኃማ አንደኛ!» አለ። ደረጃው ሥር ባልዲ የምታጥብ የታችኛው ተከራይ ነበረችና ልጄ ፎቁን ስታደንቅ እኔ እሷ ዘንድ ሄድኩ። «እማማ፣ ሮቶው ጣሪያ ላይ ነው፤ ፓምፕ ግን የለውም። የላይኞቹ በጀሪካን ነው የሚያወጡት» አለችኝ። ደረጃውን ቆጠርኩት፤ 34 ነው። ሃያ ሊትር ተሸክሞ 34 ደረጃ መውጣት ለእኔ ቀርቶ ለልጄም አይሆንም።

ሦስተኛውን ቤት ብተወው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው። ጸዳ ያለ ግቢ ነው፤ በሩ ላይ የቡና ዛፍ አለ። አከራዩ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ኪራዩም ደህና ነበር። ሊስማሙ ሲሉ ወደ እኔ ዘወር አሉና «እርስዎም አብረው ነዎት?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ በትሕትና ነው ያሉት፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጤናዎ እንዴት ነው?» ደም ግፊት እንዳለብኝ፣ መድኃኒት እንደምወስድ ነገርኳቸው። መሬት መሬት አዩ። «ግቢው እንደሚያዩት ጠባብ ነው፤ ድንኳን አያስተክልም» አሉ።

ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ልጄ ቀድሞ ገብቷት ፊቷ ደም መሰለ፤ እጄን ይዛ እየጎተተች አወጣችኝ። ባጃጁ ውስጥ ሆና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ሽማግሌው ባለጌ አልነበሩም፤ ሁላችንም የምናስበውን ጮክ ብለው ተናገሩት እንጂ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ሦስት ቀን ለቅሶ ይቀመጣል። ተከራይ ቤት ሰው ቢሞት ለቅሶው የሚቀመጠው በማን ግቢ ነው? የሚያስተዛዝነው የማን እድር ነው? ጉለሌ እያለሁ አስቤው የማላውቀው ጥያቄ ያን ቀን አብሮኝ ባጃጅ ተሳፈረ።

በአምስተኛው ገባን። ከአስፋልቱ ጀርባ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው፤ አራት ቤተሰብ ይይዛል፣ የእኛ ምድር ቤቱ ነው። ባለቤቱ መርካቶ የሚነግድ የአካባቢው ተወላጅ ሲሆን ቤቱን የምትጠብቀው ጓሮ ያለው ሰርቪስ ውስጥ የምትኖር ታላቅ እህቱ ናት። እኔ «እቴቴ» እላታለሁ፤ እሷ ግን ሁለት ዓመት እንደምበልጣት ካወቀች ወዲህ «አንቺ ነሽ እቴቴ» እያለች ትከራከረኛለች። ኪራዩ 6,500 ብር፣ ለደላላው የግማሽ ወር። አንድ እንግዳ ነገር ነበረው፤ ከሦስቱ ክፍል አንዱ ቁልፍ ነው፣ አይሰጠንም። «ለምን?» ስንል እቴቴ «የመስቀል ነው» አለች። እንደ ቀልድ ወስደን ገባን።

ስለ ውል አንድ ነገር ልበል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን አጽድቋል፤ ቁጥሩ 1320/2016 ነው። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪ ቢኖር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው ልክ ነው። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ሌላ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ የምትገቡበት ከተማ የትኛው ውስጥ እንደሆነ የቤቶች ቢሮውን መጠየቅ ደግ ነው። ልጄ ግን ያስገድድም አያስገድድም ውላችን በዚሁ ልክ ይጻፍ አለች። እቴቴ ቅር አላት። «እኛ እኮ እንደ ቤተሰብ ነን፤ ወረቀት ምን ይሠራል?» አለች። እኔም በሆዴ ከእሷ ጋር ነበርኩ። ልጄ ግን ወንድሟን በስልክ አነጋግራ አስፈረመችው። የቆጣሪውን ንባብ፣ የተሰነጠቀችውን የመስኮት መስታወት፣ የማይዘጋውን የሽንት ቤት በር ሳይቀር ጻፈች፤ የጽሕፈቷ ነገር ወደ እኔ ነው የሄደው።

ሰኔ 2017 ዓ.ም. ላይ ወንድምዬው ደውሎ ኪራይ ጨምሩ አለ። የጠራው ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ልጄ አፏን ሳትከፍት እቴቴ ስልኩን ከእጇ ነጠቀችና በጉራጊኛ ለረጅም ደቂቃ አነጋገረችው። ምን እንዳለችው አልገባኝም፤ «ወረቀት» የምትለዋን ቃል ግን ሦስት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ነገሩ በትንሽ ጭማሪ አለፈ።

አሁን ስለ ውኃ ልንገራችሁ። ወልቂጤ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚወራው እሱ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የከተማዋ ነዋሪዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ባዶ ጀሪካን ይዘው ውኃ ጠፋብን ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር። በዚያ ሰልፍ ላይ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ሰዎች መሞታቸውንና መቁሰላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። እኔ ያን ዜና አዲስ አበባ ሆኜ በቴሌቪዥን አይቼ ከንፈሬን መጥጬ ያለፍኩ ሰው ነኝ። እዚህ መጥቼ ጀሪካን ስደረድር ነው የነዚያ ሴቶች ነገር የገባኝ።

ቤት ለማየት የምትሄዱ ሰዎች፣ ስለ ውኃ ደላላ አትጠይቁ፤ አከራይም አትጠይቁ። ግቢው ውስጥ ጀሪካንና በርሜል ቁጠሩ። የቧንቧው አፍ ሥር ያለው መሬት እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? ልብስ የተሰጣው ስንት ቀን የታጠበ ይመስላል? ቢቻል ከጎረቤት ሴት አንዷን ያዙና ውኃ በስንት ቀን፣ ቀን ነው ሌሊት፣ ሲጠፋስ ከየት ይገዛል በሏት። በጋሪ የሚመጣውን ውኃ ለመጠጥ እንዳታደርጉት፤ ከየት እንደተቀዳ አይታወቅም፤ ይፈላ።

የሚገርመው ግን ሰፈሩን ያስተዋወቀኝ ይኸው ችግር ነው። በገባን በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ሌባ መስሎኝ ደነገጥኩ። እቴቴ ናት። «ውኃ መጣ! ውኃ መጣ!» ወጣሁ። ግቢው በሙሉ በባዶ እግሩ፣ በቢጃማ፣ በጋቢ ወጥቷል። ቀን ቀን አንገቱን ደፍቶ የሚያልፈው የፎቁ ልጅ ጎማውን እየዘረጋ በርሜላችንን ሞላልን። ከግንቡ ማዶ ያሉት፣ ቧንቧቸው የማይስብ ሙስሊም ቤተሰብ፣ በሩን አንኳኩተው ከእኛ ቀዱ። ያን ሌሊት የሁሉንም ስም ያዝኩ። በማግስቱ ቡና አፈላሁና ጠራኋቸው፤ ከዚያ በኋላ ሰላም የማይለኝ የለም።

ልጆቹ ከእኔ ፈጥነው ለመዱ። የልጅ ልጄ በሦስት ወር ከጓደኞቿ ጉራጊኛ ለቀመች። ዘመድ ጥየቃ ቡታጅራ ሄደን ስትናገር ግን እዚያ ያሉት ልጆች ሳቁባት። «እማማ፣ እነሱም ጉራጌ ነን ይላሉ፣ እኔ ያልኩትን ግን አይሉም» አለችኝ። የሰባት ቤት ጉራጌ አነጋገርና የመስቃኑ፣ የክስታኔው አነጋገር የየራሱ መሆኑን እቴቴ አስረድታኝ ነው ያስረዳኋት። አርባ ዓመት ገደማ አስተምሬ አንድም ቀን ያላሰብኩት ነገር ነው፤ «ጉራጊኛ» ብለን አንድ አድርገን አልፈን ነበር።

ቡታጅራን ካነሣሁ አይቀር፣ የአማቼ እህት እዚያ ቤት ስትፈልግ አብሬያት ሁለት ቀን ዞሬያለሁ። ቡታጅራ አሁን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ አዲስ ዞን ሲቋቋም አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ ቢሮ ሲከፈት ሠራተኛው ቤት ይፈልጋል። ዓርብ የገበያ ቀን ስለሆነ ቤት ፍለጋ ዓርብ አትሂዱ፤ ባጃጁም ደላላውም አይገኝም፣ መንገዱም አያስኬድ። ደግሞም ዓርብ ያየነው ዝምተኛ ግቢ በር ላይ ሐሙስ ማታ የጫነ አይሱዙ እንደሚራገፍበት የነገረን አንድ ሱቅ ጠባቂ ነው። ሰፈርን በገበያ ቀንም፣ በአዘቦትም፣ በማታም ማየት ይሻላል። እህታችን አልሰማችም፤ ተከራየች፤ አሁን እንቅልፍ የለኝም እያለች ትደውላለች።

የጤና ነገር መጀመሪያ አሳስቦኝ ነበር። ከከተማው በሆሳዕና መንገድ ጥቂት ወጣ ሲሉ አጣጥ ሆስፒታል አለ፤ ካቶሊክ እኅቶች ያቋቋሙት፣ ከ50 ዓመት በላይ ያገለገለ ነው። ከሩቅ ገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ማረፊያ በአገራችን ቀድሞ ከጀመሩት አንዱ መሆኑን ሰምቼ ሄጄ አየሁት። የጡረታ ገንዘቤም በባንክ ስለሚገባ እዚሁ አወጣለሁ። የቀበሌውን መሸኛ ግን አላወጣሁም፤ ልጄም አላወጣችም። እሷ በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ተመዝግባ እስከ ዛሬ ትቆጥባለች፤ መሸኛ አውጥታ የአዲስ አበባ ነዋሪነቷን ብትለቅ ተስፋዋን የለቀቀች ይመስላታል። እኔ ደግሞ የማልለቀው እድሬን ነው።

መስከረም ላይ የተቆለፈው ክፍል ተከፈተ። ከመስቀል በፊት ያሉት ቀናት ናቸው፤ ባለቤቱ ከሚስቱና ከአምስት ልጆቹ ጋር በሌሊት ገባ። ሰው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ፤ ከተማዋ በአንድ ቀን እጥፍ ሆነች። እናንተ ለመስቀል ቤት ስንት እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ? እኔ ተከራይ ሆኜ ወጥ ቤቴን በክብር ለቀቅሁ። ከንጋት ጀምሮ ክትፎ ሲከተፍ ከየቤቱ የሚሰማው የቢላ ድምፅ ከበሮ ይመስላል። ቆጮ፣ አይብ፣ በቅቤ የተለወሰ ጎመን እየተላከልን ምድጃ ሳንለኩስ ሦስት ቀን ከረምን። በአራተኛው ቀን እቴቴ «ተነሺ፣ አገሬን ላሳይሽ» ብላ ወደ ትውልድ መንደሯ ወሰደችኝ።

እዚያ ጀፎረን አየሁ። ጀፎረ የጉራጌ መንደር መንገድ ነው፤ መንገድ ማለት ግን ያንሰዋል። ከዳር እስከ ዳር ሣር የለበሰ፣ እንደ ሜዳ የሰፋ ነው። ቤቶቹ በሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከጓሯቸው እንሰት አለ። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሽምግልናውም፣ የልጆች ጨዋታውም እሱ ላይ ነው። ማንም አጥሩን ገፍቶ አይገባበትም። የሳር ቤቶቹ ከሩቅ ያምራሉ፤ እኔን የገረመኝ ግን የማንም ያልሆነው ያ መሐሉ ነው። እቴቴ አንዱ ቤት ፊት ቆማ «እዚህ ነው የአባቴ ድንኳን የተተከለው» አለችኝ፤ እጇን የዘረጋችው ወደ ጀፎረው ነው። እኔ የጠባቡን ግቢ ሽማግሌ አስታወስኩና ታሪኩን ነገርኳት። እስከዚያች ቀን ለማንም አልነገርኩም ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝ። «እድር የለሽም እንዴ?» አለች።

አለኝ። ጉለሌ ውስጥ፣ ከባሌ ጋር የገባሁበት፣ እሱን የቀበረልኝ። መዋጮዬን ወንድሜ ይከፍልልኛል፤ ለቀሪ ቅጣቱንም ጭምር፤ ምክንያቱም ለቅሶ ሲኖር አልደርስም። ከመጣሁ ወዲህ አራት ሰው ሞቶ አንዱን ብቻ ነው የደረስኩት። ሰዎቹ ቅጣት ተቀብለው ዝም ይላሉ፣ ግን እኔ እንደማላውቃቸው ሆኜ ነው የሚሰማኝ። በእድር የምትቀበሪው ስለከፈልሽ ሳይሆን ስለቀበርሽ ነው። እድር በከተማ የተስፋፋው ከአገራቸው ርቀው አዲስ አበባ በገቡ የጉራጌ ተወላጆች ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ፤ በሰው አገር ቀባሪ እንዳያጡ። እኔ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆኜ እነሱ አገር መጣሁ።

የሰፈሩ እድር ተከራይ መመዝገብ እንደማይወድ ሰምቼ ነበር። አልፈርድባቸውም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የተገዛው በዓመታት መዋጮ ነው፤ ተከራይ ጧት ገብቶ ማታ ይወጣል ይላሉ። ስለዚህ መመዝገቢያው ከፍ ያለ ነው፣ የቤት ባለቤት ዋስም ይጠይቃሉ። ልጄ ነገሩን ስታነሣባት ትቆጣለች፤ «እማዬ፣ ስለ ሞት አታውሪ፤ ዓመት ስንል ነው የመጣሽው» ትላለች። ልጆቻችን የማይገባቸው ይህ ነው። እኔ የማወራው ስለ መሞት ሳይሆን፣ ጎረቤት ሲሞት በየት በር እንደምገባ ነው።

ኅዳር ላይ ከግንቡ ማዶ፣ ከዚያ ውኃ ከሚቀዱት ጎረቤቶቻችን ወዲህ ያለው ቤት አባወራ በድንገት ሞተ። የእድሩ ለፋፊ ንጋት ላይ እየጮኸ ሲያልፍ ሰማሁት። ማንም አልጠራኝም፣ ግዴታም የለብኝም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ለቅሶ ደርሼ ልመለስ ስል ሴቶቹ ሽንኩርት ይዘው ተቀምጠው አየሁና ቢላ ተቀበልኩ። ሦስት ቀን እዚያ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ልጄ ከሥራ መልስ ፈልጋኝ መጣች፤ ወጥ ሳማስል አይታ ምንም ሳትል ቦርሳዋን አስቀምጣ ሰሐን ማጠብ ጀመረች።

ከሳምንት በኋላ እቴቴ መታወቂያዬን ያዢ ብላ እሑድ ጧት ወደ እድሩ ስብሰባ ወሰደችኝ። ዋስ ሆና ፈረመች። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ትልቁን መዝገብ ዘርግቶ ስሜን፣ የመጣሁበትን፣ የቤቱን ቁጥር ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

«ስንት ነፍስ ናችሁ?»

«አራት» አልኩት። ቆየት ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው አማቼ ትዝ አለኝና «አምስት በለው» አልኩ።